የአየር ምድብ ከአጥሩ ውጭ ይጠበቃል፦ ድሬዳዋ፣ ሁርሶና በምድር የሚመጣ ጥቃት

የጦር አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ፈጣን፣ በሚገባ የታጠቀና በቀላሉ የማይደረስበት ቢሆንም፣ ከአገልግሎት ዘመኑ የሚበዛውን ጊዜ የሚያሳልፈው መሬት ላይ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ፣ ሲጠገንና ቀጣዩን ግዳጅ ሲጠባበቅ በመሆኑ፣ በእነዚያ ሰዓታት ነዳጅና ፈንጂ ከተሸከመ ስስ ብረት የተለየ አይደለም። አንድ ታጣቂ በትከሻው ተሸክሞት የመጣው መሣሪያ ወይም ከክንፉ ሥር የተቀመጠ ጥቂት ፈንጂ፣ ድሃ አገር ከጉሮሮዋ ቀንሳ የገዛችውን አውሮፕላን በደቂቃዎች ውስጥ አመድ ሊያደርገውና ለዓመታት የሠለጠነውን አብራሪ ያለ ሥራ ሊያስቀረው ይችላል። የአየር ምድብ የሚባለው፣ ማለትም መንደርደሪያው፣ የነዳጅና የጥይት መጋዘኖቹ፣ የጥገና ሃንጋሮቹ፣ የበረራ መቆጣጠሪያው ማማና የሠራተኞቹ መኖሪያ በአንድነት የሚገኙበት ሰፈር፣ በጦርነት ጊዜ ጠላት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ዒላማ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አየር ምድብ መከላከያ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ራዳርና ወደ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይሄዳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በእግራቸው፣ በመኪና ወይም ሞርታር ተሸክመው የመጡ አጥቂዎች ያደረሱት ጥፋት ከሰማይ ከመጣው ጋር ሲተያይ የሚናቅ አይደለም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሥራ፣ ከ1940 እስከ 1992 ባለው ጊዜ በዓለም ዙሪያ በአየር ምድቦች ላይ የተፈጸሙ 645 የምድር ጥቃቶችን ቆጥሮ፣ በእነዚህ ጥቃቶች ከ2,000 በላይ አውሮፕላኖች መውደማቸውን ወይም መጎዳታቸውን አመልክቷል። ከእነዚህ ጥቃቶች የብዙዎቹ አድራጊዎች አየር ኃይል የሚባል ነገር ያልነበራቸው፣ የጠላታቸውን አውሮፕላን በሰማይ ሊገጥሙት የማይችሉ ኃይሎች እንደነበሩ ሲታሰብ፣ ምድብን በምድር ማጥቃት የደካማው ወገን ምርጫ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ እንደ ድሬዳዋ አጉልቶ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በሐረርጌ ደጋ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በስተ ደቡብ ወደ ደንገጎና ወደ ሐረር የሚወጣው ተራራ ከላይ ያያታል፣ በስተ ሰሜን ደግሞ ወደ ሽንሌና ወደ ጅቡቲ ወሰን የሚዘረጋው ሰፊ ቆላ ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ የሚወርድባቸውና ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደርቀው የሚቆዩት እንደ ደቻቱ ያሉ አሸዋማ ወንዞች መሬቱን እየሰነጠቁ ስለሚያልፉ፣ ሜዳ መስሎ የሚታየው አገር ለሚያውቀው ሰው ብዙ የተሸሸገ መንገድ አለው። የአውሮፕላን ማረፊያው፣ በአንድ ወቅት በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም ይጠራ የነበረው፣ ሲቪል መንገደኞችንና አየር ኃይሉን በጋራ የሚያስተናግድ ሲሆን፣ መንደርደሪያው ብቻ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ይህን ያህል ርዝመት ያለውን ነገር ከነዙሪያው አጥሮ በየማዕዘኑ ዘብ ማቆም ምን ያህል ሰው እንደሚፈልግ መገመት ይቻላል።

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ሁርሶ የምትታወቀው በአውሮፕላን ሳይሆን በእግረኛ ነው። በዚያ ያለው የጦር ማሰልጠኛ ብዙ ትውልድ ወታደር ያፈራ ሲሆን፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የአሜሪካ ወታደሮች የኢትዮጵያ ሠራዊት ክፍሎችን ሲያሠለጥኑበት፣ ኋላም ወደ ሰላም ማስከበር ግዳጅ የሚሄዱ ኮንቲንጀንቶች፣ ማለትም ለተልዕኮ የተዘጋጁ የሠራዊት ክፍሎች፣ ሲሰናዱበት ቆይቷል። አየር ምድቡና የእግረኛው ማሰልጠኛ በአንድ ቆላ፣ በአንድ የባቡር መስመር ላይ ጎን ለጎን መገኘታቸው የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በመልክዓ ምድር ያሳያል፤ የአየር ምድብን ከምድር ጥቃት መጠበቅ በመሠረቱ የእግረኛ ሥራ ነውና፤ የሚሠራውም ከአጥሩ ርቆ፣ ጠላት ሊሰበሰብባቸውና ሊተኩስባቸው በሚችሉ ቦታዎች ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር በቆሙ አውሮፕላኖች ላይ ከተፈጸሙት ቀደምት የምድር ጥቃቶች አንዱ የተፈጸመው በኢትዮጵያውያን አርበኞች ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘች ጥቂት ሳምንታት በኋላ የጣሊያን አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንኖች በሦስት አውሮፕላኖች ተሳፍረው በወለጋ ነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ በተባለ ሜዳ ላይ አረፉ፤ ዓላማቸው በአካባቢው ከነበሩ ገዢዎች ጋር ተስማምተው ምዕራቡን ያለ ጦርነት መያዝ ሲሆን፣ ያረፉበት ሜዳ ግን አጥርም፣ ምሽግም፣ በቂ ዘብም አልነበረውም። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ጦርና የአካባቢው ሰዎች ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮንና አንቶኒዮ ሎካቴሊን ጨምሮ 12 ጣሊያናውያንን ገደሉ፤ ከመካከላቸው የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነበር። በዚያ ወር ኢትዮጵያውያን በሰማይ ሊገጥሙት የማይችሉትን ኃይል በሜዳ ላይ ተኝቶ አገኙት፤ የቦነያ ሌሊት ለአርበኛው ድል እንደነበረ ሁሉ፣ አውሮፕላንን ያለ እግረኛ ጥበቃ በማያውቁት አገር ማሳደር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ ቀዳሚ ትምህርትም ነው።

ድሬዳዋ ራሷ በጣሊያን ዘመን የአየር ምድብ ሆና ካገለገለች በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ትእዛዝ ሥር የነበሩት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሲገቡባት የምድቡ ዕጣ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚያስገባው የማርዳ በርና ሐረር ራሷ ቀደም ብለው ተይዘው ስለነበር፣ በቆላው ላይ ያለውን መንደርደሪያ ይዞ መቆየት ትርጉም አጥቶ ነበር። ይህ የአገሩ አቀማመጥ ያመጣው እውነት ከ36 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ጦርነት፣ ተመልሶ ተፈተነ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ወሰን ተሻግሮ ኦጋዴንን ሲወር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎዴንና ሌሎች የኦጋዴን ከተሞች በመያዙ ኢትዮጵያ በዚያ ቆላ የነበሯትን የአውሮፕላን ማረፊያዎች አጣች። ድልድዮቹ በፈንጂ የተመቱበት የባቡር መስመርም ሥራ አቁሞ ስለነበር፣ ምሥራቁ ከባሕርም ከመሐል አገርም በከፊል ተቆርጦ ቀረ። በዚያን ጊዜ የአየር ኃይሉ ዋና ምድብ ደብረ ዘይት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ በአየር ያለው ርቀት ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘቻቸው ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖች ፈጣንና ቀልጣፎች ቢሆኑም ብዙ ነዳጅ የሚይዙ አልነበሩም፤ ከደብረ ዘይት ተነሥተው ጅጅጋ ድረስ በርረው፣ ተዋግተው መመለስ ካለባቸው በውጊያው ቦታ ላይ የሚቆዩት ጊዜ ይቀንሳል፣ አንዱ አውሮፕላን በቀን የሚያደርገው ምልልስም ያንሳል። ከድሬዳዋ የሚነሣ አውሮፕላን ግን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ተነሥቶ ደጋግሞ ሊመታ ስለሚችል፣ ያንኑ ጥቂት አውሮፕላን በእጥፍ ያበዛዋል ማለት ይቻላል። የሶማሊያ አዛዦች ድሬዳዋን የፈለጉት ሦስተኛዋ የአገሪቱ ትልቅ ከተማ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ ምክንያት ጭምር እንደነበረ ከጦርነቱ አካሄድ መረዳት አያዳግትም፤ ሚግ አውሮፕላኖቻቸው በሰማይ ላይ በኤፍ-5 አብራሪዎች ሲበለጡ፣ ያንን ብልጫ ለማጥፋት የቀረው አጭሩ መንገድ በምድር ወደ መንደርደሪያው መድረስ ነበርና።

ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎሕ ሳይቀድ ታንክና መድፍ የያዘ የሶማሊያ ጦር በከተማዋ ላይ ጥቃት ከፈተ። በመከላከያው መስመር ላይ የነበረው ኃይል በአመዛኙ አዲስ ነበር፤ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑ ገበሬዎች የበዙበት ሁለተኛው የሚሊሻ ክፍለ ጦር፣ ነበልባል የሚል ስም የተሰጠው የልዩ ጦር ሻለቃና በጣት የሚቆጠሩ ታንኮች ነበሩ። ክፍለ ጦር ማለት ብዙ ብርጌዶችን የሚይዝ ትልቅ የሠራዊት ክፍል ሲሆን፣ ይህኛው ግን በቁጥሩ እንጂ በመሣሪያው የሶማሊያን ሜካናይዝድ፣ ማለትም በብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚንቀሳቀስ፣ ጦር የሚተካከል አልነበረም። ይሁን እንጂ ሚሊሻው መስመሩን ይዞ አጥቂው ወደ ከተማዋና ወደ መንደርደሪያው እንዳይዘልቅ ሲያግደው፣ ከመንደርደሪያው የሚነሡት አውሮፕላኖች ደግሞ በክፍት ሜዳ ላይ የተጋለጡትን ታንኮችና መድፎች ደጋግመው መቱ፤ አጥቂው ጦርም ከባድ ጉዳት ደርሶበት፣ ብዙ መሣሪያ ጥሎ ተመለሰ።

ይህ ውጊያ በጦር ታሪካችን ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ የተሰጠው አይመስልም፤ ስለ ጦርነቱ ሲተረክ ጅጅጋ የተመለሰችበት የካራማራው ድል ሁሉን ይሸፍናልና። ሆኖም ድሬዳዋ በዚያ ነሐሴ ብትወድቅ ኖሮ የካራማራውን ድል መገመት እጅግ አስቸጋሪ ይሆን ነበር። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋና የራዳር ጣቢያው የነበረበት የካራማራ በር በሶማሊያ እጅ ሲገቡ፣ ቀጥሎም ሐረር ለወራት ስትከበብ፣ ኢትዮጵያ በምሥራቁ ግንባር ላይ ለአየር ኃይሏ የቀራት መቆሚያ ይኸው ምድብ ነበር፤ የኩባ ጦርና የሶቪየት መሣሪያ ደርሶ መልሶ ማጥቃቱ ሲጀመርም ድሬዳዋ የዝግጅቱ ቁልፍ ቦታ ሆነች፣ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ፊት አለው፤ አየር ምድቡን ከመያዝ ያዳኑት ከአጥሩ ውጭ በጉድጓድ ውስጥ የነበሩ ያረሱና የቆፈሩ እጆች ሲሆኑ፣ እነርሱንም በታንክ ከመረገጥ ያዳናቸው ከጀርባቸው የሚነሣው አውሮፕላን ነው፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው ብዙ ሰዓት አይቆይም ነበር።

አጥቂው በታንክ ሳይሆን በጨለማ፣ በጥቂት ሰው ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ግንቦት 13 ቀን 1976 ዓ.ም. ሌሊት ለኤርትራ ነጻነት ይዋጋ የነበረው የሻዕቢያ ጦር ኮማንዶዎች፣ ማለትም ለልዩ ግዳጅ የሠለጠኑ ጥቂት ተዋጊዎች፣ ወደ አሥመራ የአየር ምድብ ሰርገው ገብተው በቆሙ አውሮፕላኖች ላይ ከባድ ጥፋት አደረሱ። ከወደሙት መካከል ቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ለመቃኘት በዚያ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት የሶቪየት ኢል-38 አውሮፕላኖች ይገኙበታል። አሥመራ በዚያን ጊዜ በብዙ ሺህ ወታደር የተጠበቀች ከተማ ነበረች፤ በዙሪያዋ የነበረው ጦር ትልቅ ኃይል መጥቶ እንዳይገባ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አጥቂው ግን ትልቅ ሆኖ አልመጣም። ሰርጎ ገብን ለመያዝ የሚያስፈልገው የወታደር ብዛት አይደለም፤ የሚያየውን ሁሉ የሚጠራጠር ዘብ፣ ሰዓቱንና መንገዱን የሚቀያይር ቃፊር፣ ማለትም ከዋናው ጦር ወጣ ብሎ የሚቃኝ ቡድን፣ እንዲሁም በአውሮፕላኖቹ አጠገብ ሁለተኛ የጥበቃ መስመር ነው። ይህ ሁለተኛው መስመር በብዙ አገር የሚዘነጋ ነው፤ የውጭው አጥር አለ ተብሎ ውስጡ ይተዋልና።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የአሥመራ የባሕር በር የነበረችው ምጽዋ በሻዕቢያ ስትያዝ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ጥቃት ታየ። አሥመራ ስንቅና ጥይት የምታገኘው በአየር ብቻ በሆነበት ጊዜ የሻዕቢያ ከባድ መድፍ ከሩቅ ሆኖ የአውሮፕላን ማረፊያውን ይደበድብ ጀመር፤ ማንም አጥሩን ሳይነካ፣ የዘቡን ፊት ሳያይ፣ አንድ ጥይት መንደርደሪያው ላይ ባረፈ ቁጥር የከተማዋ እስትንፋስ ይቆረጥ ነበር። በቅርቡም በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች የጎንደርንና የባሕር ዳርን አውሮፕላን ማረፊያዎች ዒላማ አድርገው ነበር። እነዚህ ማረፊያዎች እንደ ድሬዳዋው ሁሉ ሲቪሉ መንገደኛ የሚጠቀምባቸው በመሆናቸው፣ የሚመጣው አደጋ ከወታደሩ አልፎ ሐኪም ቤት የሚሄደውንና ዘመዱን የሚቀበለውን ሰው ጭምር የሚነካ ነው።

ከሩቅ የሚተኮስ መሣሪያ ለጠባቂው የሚፈጥረውን ችግር በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። 82 ሚሊ ሜትር የሚባለው ቀላል ሞርታር፣ ማለትም ጥቂት ሰዎች ተሸክመውት የሚሄዱትና ጥይቱን ወደ ላይ እየወረወረ የሚጥል አጭር መድፍ፣ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚመታ፣ ከአንድ ዒላማ ተነሥቶ በዚህ ርቀት የሚገኘው ዙሪያ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህን ያህል መሬት በጥሩ ቅኝት መሸፈን ይቻላል። 122 ሚሊ ሜትር ሮኬት ግን 20 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ አጥቂው ሊደበቅበት የሚችለው መሬት ወደ 1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ይህም ከመላው የድሬዳዋ አስተዳደር ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። ርቀቱ ሰባት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ የሚጠበቀው መሬት ከ40 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በትከሻ ላይ ሆኖ የሚተኮሰው ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ሲጨመርበት ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ የሚነሣና የሚያርፍ አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፎ ብዙ ኪሎ ሜትር እስኪርቅ ድረስ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ መሬት ዘብ ማቆም የሚችል አገር የለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ እንኳ፣ አሜሪካ ያንን ሁሉ ሰውና ገንዘብ ይዛ፣ የአየር ምድቦቿ ከ400 ጊዜ በላይ ሲጠቁ አብዛኞቹ ጥቃቶች በሞርታርና በሮኬት ከሩቅ የተፈጸሙ ነበሩ።

በየስፍራው ዘብ ማቆም ካልተቻለ የሚቀረው መሬቱን ማወቅና መምረጥ ነው። ሞርታር የሚጠምድ ሰው የትም አይጠምድም፤ መኪና የሚያስጠጋ መንገድ፣ ከዓይን የሚሰውር ጉብታ ወይም ደረቅ ወንዝ፣ ተኩሶ የሚያመልጥበት አቅጣጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዙሪያውን በእግሩ የረገጠ አዛዥ ከሰፊው መሬት ውስጥ አሥር ወይም አሥራ አምስት የሚሆኑ አደገኛ ቦታዎችን ለይቶ፣ ቃፊሮቹን በእነዚያ ላይ እየቀያየረ ማሰማራት፣ በሌሊት ደፈጣ ማስቀመጥና የራሱን መድፍ አስቀድሞ በቦታዎቹ ላይ አነጣጥሮ መጠበቅ ይችላል። የዚህ ሥራ ባለሙያ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ቆላውን በሌሊት ማቋረጥ የለመደ እግረኛ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ጥቃቱ አይቀርም ብሎ አስቦ ጉዳቱን የመቀነስ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ አውሮፕላን ዙሪያ የሚሠራ የአፈር ወይም የኮንክሪት ግድግዳ፣ አንዱ ሲቃጠል እሳቱና ፍንጣሪው ወደ ሌላው እንዳይዛመት ያደርጋል፤ ነዳጅን በብዙ ቦታ ከፋፍሎ መቅበር፣ የተቆፈረን መንደርደሪያ ወዲያው የሚደፍን የጥገና ቡድን ማዘጋጀት፣ የውሸት አውሮፕላን ማቆም ሁሉ ከዚሁ ይመደባሉ። እዚህ ላይ ግን አዛዡን የሚያስጨንቅ ተቃርኖ አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 በሃዋይ የነበሩት የአሜሪካ አዛዦች ሰርጎ ገብ አውሮፕላኖቹን እንዳያበላሽ በመስጋት፣ ለዘብ እንዲመች ሁሉንም ክንፍ ለክንፍ አስጠግተው በመስመር አቆሟቸው፤ ታኅሣሥ 7 ቀን የመጣው ግን የጃፓን ቦምብ ጣይ ነበርና፣ ለሰርጎ ገብ የተደረገው ጥንቃቄ ለሰማዩ ጠላት የተመቻቸ ዒላማ ሆነ። አውሮፕላኖችን መበተን ከሰማይ ያድናል፣ የዘቡን መስመር ግን ያስረዝማል፤ መሰብሰብ ዘቡን ይረዳል፣ አንድ ሮኬት ብዙ እንዲያጠፋ ግን ይፈቅዳል። የትኛው አደጋ እንደሚቀርብ ለይቶ መወሰን የሚቻለው ስለ ጠላት በቂ መረጃ ሲኖር ብቻ ነው።

በማን ኃላፊነት ይጠበቅ የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1941 በቀርጤስ ደሴት የማለሜ አውሮፕላን ማረፊያ በጀርመን ፓራሹተኞች እጅ ሲወድቅና ደሴቲቱም ተከትላ ስትወድቅ፣ እንግሊዞች የምድብ ጥበቃ በእግረኛው ጦርና በአየር ኃይሉ መካከል ባለቤት አጥቶ እንደቀረ ተረዱ፤ በየካቲት 1942 ለአየር ኃይላቸው የራሱ የሆነ የምድር ተዋጊ ክፍል ያቋቋሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርቱ ግን በቀላሉ የሚረሳ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2012 በአፍጋኒስታን ባስቲዮን በተባለው ግዙፍ የጦር ሰፈር 15 የታሊባን ታጣቂዎች አጥሩን ቆርጠው ገብተው 6 ሃሪየር ተዋጊ አውሮፕላኖችን ሲያወድሙ፣ በአቅራቢያው የነበረው የዘብ ማማ ሰው አልነበረበትም፤ ሰፈሩን አሜሪካውያንና እንግሊዞች ተከፋፍለው ይጠብቁት ስለነበር የአንዱ ክፍተት ለሌላው አልታየም፣ ሁለት የአሜሪካ ጄኔራሎችም በዚሁ ሳቢያ ከሥራቸው ለቀቁ። ወደ እኛ ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2020 በኬንያ የባሕር ዳርቻ በሚገኘው የማንዳ ቤይ ማረፊያ ላይ አልሸባብ ሲያጠቃ 3 አሜሪካውያን ተገድለዋል፣ አውሮፕላኖችም ተቃጥለዋል። በእነዚህ በሁለቱ ሰፈሮች ከሁሉ በላይ የጎደለው፣ ጥቃት በዚህ ቦታ አይመጣም ከሚል መዘናጋት የነቃ ጥበቃ ነው።

ስለ ምድብ ጥበቃ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚያገኘው በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ነው። በድሬዳዋና በሁርሶ መካከል ግመልና ፍየል የሚነዳው አርብቶ አደር፣ በደጋው ግርጌ የሚያርሰው ገበሬ፣ በአጥሩ አጠገብ ሱቅ የከፈተው ሰው፣ የማን ዱካ እንግዳ እንደሆነ፣ የትኛው መኪና ያለ ወትሮው በሌሊት እንዳለፈ ከማንኛውም ካሜራ ቀድሞ ያውቃል። ይህን እውቀት ለምድቡ የሚሰጠው ግን ምድቡ ጎረቤቱ ከሆነ ነው። የግጦሽ መሬቱ ያለ ካሣ ከታጠረበት፣ ከብቱ አጥር አልፎ በመግባቱ ከተተኮሰበት፣ በሚናገረው ቋንቋ ብቻ ከተጠረጠረ፣ ያየውን አይናገርም፤ ይባስ ብሎም ከቂሙ የተነሣ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። የውሃ ጉድጓዱን ለመንደሩ የከፈተ፣ የታመመን እረኛ በክሊኒኩ ያከመ፣ ጉዳት ሲያደርስ በጊዜው የሚክስ ምድብ በመንደሩ ያሉትን ዓይኖችና ጆሮዎች ሁሉ ያገኛል፤ ይህ ጸሐፊ ከሚያውቃቸው የጥበቃ ዘዴዎች ሁሉ ርካሹና በበጀት ጥያቄ ላይ የማይታየው ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አጥቂው በአካል ወደ ምድቡ አካባቢ መምጣት እንዳለበት ያስባል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2025 ዩክሬን በሩሲያ ላይ የፈጸመችው ጥቃት ይህን ግምት አናግቶታል፤ በጭነት መኪናዎች ላይ በእንጨት ቤቶች ውስጥ የተደበቁ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች፣ በተለምዶ ድሮን የሚባሉት፣ ወደ ሩሲያ የአየር ምድቦች አቅራቢያ ተወስደው ጣሪያው በርቀት ተከፍቶ ከተነሡ በኋላ፣ ከጦር ግንባሩ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው የሳይቤሪያ ምድብ ሳይቀር የቆሙ ትላልቅ ቦምብ ጣዮችን መቱ። ጥቃቱ የተፈጸመው በአየር ቢመስልም ሥሩ የምድር ነው፤ የሬዲዮ ግንኙነት የሚያውክ መሣሪያና ድሮን የሚመታ መትረየስ አስፈላጊ የመሆናቸውን ያህል፣ በአውራ ጎዳና ዳር ያለ ወትሮው የቆመን የጭነት መኪና ጠይቆ የሚፈትሽ ሰውም አስፈላጊ ሆኗል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመጡ መኪናዎች በሚመላለሱበት እንደ ድሬዳዋ ባለ አገር ሁሉንም መኪና ማቆም አይቻልም፤ ስለዚህ ከመኪናው ጫኝና ከመንገዱ ዳር ነጋዴ የሚገኘው መረጃ ዋጋው ከበፊቱ ይልቅ ጨምሯል።

እንደ ሁርሶ ባለ ማሰልጠኛ ለሚያልፍ ወታደር የዚህ ጉዳይ ትርጉም ተግባራዊ ነው። እግረኛ በተለምዶ የሚሠለጥነው ኮረብታ ለመያዝና ጠላትን ለማጥቃት ሲሆን፣ የምድብ ጥበቃ ግን ከዚህ ሌላ ጠባይ ይጠይቃል፤ ለወራት ምንም ሳይሆን በየሌሊቱ ያንኑ ቆላ መቃኘትን፣ በነዳጅ መጋዘንና በቆመ አውሮፕላን መካከል ተኩስን መቆጣጠርን፣ ከቴክኒሻኖችና ከሲቪል ሠራተኞች ጋር አብሮ መሥራትን፣ ከእረኛ ጋር በትሕትና መነጋገርን። ቴክኒሻኑና ምግብ አብሳዩም በበኩላቸው የየራሳቸውን ጉድጓድ አውቀው ጠመንጃ መያዝ አለባቸው፤ በምድብ ውስጥ ሌሊት ተኩስ ሲከፈት ደራሽ ጦር፣ ማለትም ጥቃት ወደ ደረሰበት ቦታ ፈጥኖ የሚላከው ተጠባባቂ ኃይል፣ በመንገድ ላይ በሚያጠፋቸው ደቂቃዎች ውስጥ አውሮፕላኖቹን የሚጠብቋቸው አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ብቻ ናቸውና። ደራሹ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በጨለማ ውስጥ ወገንን ከጠላት በምን ምልክት እንደሚለይ፣ ከገባ በኋላም ትእዛዝ የሚቀበለው ከአየር ኃይሉ መኮንን ይሁን ከእግረኛው አዛዥ አስቀድሞ ተወስኖ በልምምድ መፈተን ያለበት፣ ልምምዱም በቀን ብርሃን፣ በተነገረ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ማንም ባልጠበቀው ሌሊት መደረግ ያለበት ለዚህ ነው።